ከመስመር ያስወጡኝ ዕለት

እኛ ቤት ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ሞተው የተነሱ ናቸው፤ ያስነሳኋቸውም እኔ ነኝ። በጥገና ሠራተኝነት የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር አሮጌዎቹን አውጥቶ ግቢው ጥግ ከመራቸው፤ ትንሽ ቆይቶ እኔንም አወጣኝ። በመጨረሻው ቀን ኃላፊዬ፣ ማዘኑ መሆኑ ነው፣ «ከዚህ ውስጥ የሚጠቅምሽ ካለ ውሰጂ» አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ታክሲ ጠራሁና የቻልኩትን ያህል ጫንኩ። የአንዱን ሚሞሪ ለሌላው፣ የሌላውን ማራገቢያ ለዚያኛው እየሰጠሁ፣ አቧራቸውን በቀለም ብሩሽ እየጠረግኩ አራቱን ነፍስ ዘራሁባቸው። ሲነሱ እንደ ወፍጮ ይጮኻሉ፣ ግን ይሠራሉ።

ኢንተርኔቱ ግን አንድ ነው። የሚገባውም በአንድ ያረጀ ሞደም ሲሆን፣ ሞደሙ ከአንድ ገመድ በላይ አይቀበልም። ስለዚህ ከአራቱ በጣም ያረጀውን ኮምፒውተር መርጬ ኮሪደሩ ላይ ከውጭው በር አጠገብ አስቀመጥኩት። ከሞደሙ የሚመጣው ገመድ እሱ ላይ ይሰካል፤ ከእሱ የሚወጣው ሌላ ገመድ ደግሞ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄዶ ለሦስቱ ክፍሎች ይከፋፈላል። ከቤታችን የሚወጣም፣ ወደ ቤታችን የሚገባም ሁሉ እሱን አስፈቅዶ ነው የሚያልፈው። ዘበኛው ብለን ጠራነው። እሱ ከጠፋ ሁላችንም ጠፋን። ኮምፒውተር በእጇ ነክታ የማታውቀው እናቴ እንኳ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ «ዘበኛው ነቅቷል?» ብላ ትጣራለች።

ከክፍሎቹ አንዱ የታላቅ ወንድሜ ነው። ሊቀመንበሩ እንለዋለን። ትዳሩ ፈርሶ ወደ ቤት ከተመለሰ ጀምሮ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ይመራል፤ አንድም ነገር ግን በእጁ አይነካም። ሳህን ተሰበረ ከተባለ ስብሰባ ይጠራል። ቧንቧ ካፈሰሰ «ጉዳዩ ይታይ» ይላል፤ የሚያየውም የሚጠግነውም ያው እኔ ነኝ። ከዚያ የቀረውን ቀን ክፍሉ ውስጥ ኳስ ሲያይ ይውላል።

ሌላው ክፍል የሚጡ ነው። ሚጡ የመጨረሻ እህታችን ናት። አባታችን ሲሞት ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ እናቴ ሥራ ስትውል በጀርባዬ ያዘልኳት፣ ፀጉሯን የሠራሁት፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዤ ያደረስኳት እኔ ነኝ። አሁን ቀን ቀን ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች፤ ዕረፍቷ ሲሆን ቤት ቁጭ ብላ በኢንተርኔት የሒሳብ አያያዝ ትማራለች። «እታለም» ነው የምትለኝ። ሲጠሩት ብቅ የሚል ሰው ቢኖር እሷ ናት እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ የማወራው ስለ እሷ ነው።

ሦስተኛው ኮምፒውተር የእኔ ሆኖ፣ ዕቃ ቤት የነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። እዚያ የገባሁት ወድጄ አይደለም። ክፍሏ ከእናቴ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ስለምትገናኝ ነው። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው አትነሳም። የማነሳት፣ ገላዋን የማጥባት፣ ጎኗ እንዳይቆስል የማገላብጣት እኔ ነኝ። ግድግዳውን አንዴ ኳ ካደረገች መሮጥ ነው።

አሁን ስለ ዘበኛው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዞሮ ዞሮ የወጋኝ እሱ ነውና። ሊቀመንበሩ ኳስ ሲከፍት መስመሩ ይጨናነቅና የሚጡ ትምህርት መሃል ላይ ቀጥ ይል ነበር። እሱን መለመን ድንጋይ መለመን ስለሆነ አንድ ዘዴ አበጀሁ። ዘበኛው ስክሪን ላይ ሦስቱ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ምልክት አላቸው። የአንዱን ምልክት ስታነሱት እሱ ብቻ ከኢንተርኔት ይወጣል፤ ሌሎቹ ግን ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላሉ። የወጣው ሰው «መስመር ጠፋ» ብሎ አርፎ ይቀመጣል። ይህን ያሳየሁት ለሚጡ ብቻ ነው፤ «ምናልባት ብታመም፣ ትምህርትሽ እንዳይቀርብሽ» ብዬ። ወንበር ስቤ ከጎኔ አስቀምጫት፣ ጣቷን ይዤ ነው ያስተማርኳት። ሳቅ በሳቅ ሆነን ሊቀመንበሩን አውጥተን መለስነው። ከክፍሉ ሆኖ «ምን ዓይነት አገልግሎት ነው ይሄ!» ሲል ሆዳችንን ይዘን ነበር የሳቅነው።

ሥራ ከፈታሁ ወዲህ የጎረቤት ኮምፒውተር እየጠገንኩ ቆየሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በሌላ ከተማ ያለ አንድ ድርጅት የጥገና ሠራተኛ እንደሚፈልግ አየሁ። የደንበኞቹን ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ፣ በኢንተርኔት ገብቶ የሚጠግን ሰው ነው የፈለጉት። ሠራተኛው የሚሠራው ከቤቱ ነው። ከቤቱ! ሳነበው ልቤ ዘለለች። እዚያችው ጠባብ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ፣ እናቴ ግድግዳውን ስታንኳኳ ተነስቼ እያነሳኋት፣ ደሞዝተኛ ልሆን ነው። ከዚያ የተሻለ ለእኔ የተሰፋ ሥራ ከየት ይመጣል?

ለቤተሰቡ የነገርኩት ግን ግማሹን ነው። «ሌላ ከተማ ያለ መሥሪያ ቤት ቃለ መጠይቅ ሊያደርግልኝ ነው» አልኩ፣ ሌላውን ዋጥኩት። አንዴ ሥራ አገኘሁ ብዬ ሳወራ ከርሜ ሳይሳካ ሲቀር ሊቀመንበሩ መሳቂያ አድርጎኝ ነበር። አሁን እጄ ሲገባ «እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም» ብዬ ላስደስታቸው አሰብኩ። የእናቴ ፊት ሲፈካ ይታየኝ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ቁርስ ላይ «ረፋዱ ላይ መስመሩን ለእኔ ልቀቁልኝ፤ ሁላችሁም ዝጉ» አልኩ። እኛ ቤት ከባድ ጉዳይ ያለው ሰው ቁርስ ላይ እንዲህ ብሎ ያስታውቃል፤ የተለመደ ነው። ሊቀመንበሩ ዳቦውን እያኘከ «ተመዝግቧል» አለ። ሚጡ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። የዕረፍት ቀኗ ሳይሆን ቤት መዋሏን እንኳ ልብ አላልኩትም። ለእኔ ብላ የቀረች ነበር የመሰለኝ።

ቃለ መጠይቁን ያደረጉልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዲት መነጽር ያደረጉ ቆፍጣና ሴትዮ እና አንድ ዝምተኛ ወጣት። መጀመሪያ ላይ ምላሴ ተሳስሮ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የምናወራው የእጄን ሥራ ነውና አፌ ተፈታ። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ፈገግም ብለዋል። ከዚያ «ደንበኛው ደውሎ ምንም አይሠራም ቢልዎት መጀመሪያ ምን ይጠይቁታል?» አሉኝ።

«መጨረሻ ላይ የነካው ማን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ» አልኩ።

ሳቁ። ወጣቱም ሳቀ። «ለምን?» ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ምስላቸው ደርቆ ቀረ። አፋቸው እንደተከፈተ ነው።

ገመዱን ነካሁ፣ ጠበቅ አድርጌ ሰካሁት። የገመዱ መብራት አረንጓዴ ነው፣ ይብለጨለጫል፤ ከዘበኛው ጋር እየተነጋገረ ነው ማለት ነው። እንግዲያው ችግሩ ወዲያ ማዶ ነው ብዬ ወደ ኮሪደሩ ልሮጥ ስነሳ ግድግዳው ኳ፣ ኳ አለ።

«ልጄ! ነይ አንዴ፣ ጎኔን!»

ምን ላድርግ? እናት ናት። ገባሁ። ቀና አደረግኳት፣ ትራስ ደገፍኩላት። ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። «ትንሽ ቁጭ በይ።» «እማዬ፣ መስመሩ ተቋርጦብኝ ነው፣ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው» አልኳት። «ይጠብቁ፤ አንድ ጊዜ ቁጭ በይ አልኩሽ» አለች፣ እጄን ይበልጥ ጠበቅ እያደረገች። እንዲህ ያለ ጉልበት አላት ብዬ አስቤ አላውቅም። ዓይኗን ወደ እኔ አላነሳችም። አመማት ብዬ ደነገጥኩ፤ ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የላትም።

በዚህ መሃል ነው ከሊቀመንበሩ ክፍል ያ የታወቀ ጩኸት የመጣው። «ጎ...ል!» የኳስ ተንታኙ ድምፅ፣ የተመልካቹ ሁካታ፣ ሁሉም አለ። ቀጥታ ስርጭት ነው። በኢንተርኔት።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ገባኝ። መስመሩ አልጠፋም። የጠፋሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቤቱ ውስጥ አንድን ሰው ለይቶ ማውጣት የሚያውቅ ደግሞ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። እጄን ከእናቴ እጅ አላቀቅኩና ወጣሁ። ዘበኛው ላይ ያለውን ስክሪን ሳየው የሊቀመንበሩ ምልክት አለ፣ የሚጡ ምልክት አለ፣ የእኔ ተነስቷል። እንዲያውም ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ሚጡ ኩሽና ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ንጹሕ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ዘበኛውን የነካው ማን ነው?» አልኩ።

ብርጭቆውን ደግማ ቧንቧ ሥር አደረገች።

«ሚጡ፣ አንቺን ነው!»

«እታለም...» ብላ ዞረች። ፊቷን ሳየው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን ሆዴ ውስጥ አንዲት ትንሽ ተስፋ ነበረች፤ በስህተት ነው ትለኛለች፣ እጄ ሄዶ ነው ትለኛለች ብዬ እጠብቅ ነበር። አላለችም። ወደ ኮሪደሩ አንገቷን አስግጋ በሊቀመንበሩ ላይ ጮኸችበት፦ «አንተም ዝጋ ብዬህ አልነበር? ትንሽ መታገሥ አቅቶህ ነው?»

ሊቀመንበሩ ከክፍሉ ብቅ አለ። «ድምፁን ቀንሼው ነበር እኮ፣ ጎል ሲሆን ረሳሁት» አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «አንተም ታውቃለህ?»

«ረጋ በይ። ነገሩ በስብሰባ የታየ ነው።»

«የምን ስብሰባ?»

«የቤተሰብ። አንቺ ገበያ በሄድሽበት። ተወያየንና እጅ አወጣን፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ።» በአነጋገሩ ቧንቧ ስለማስጠገን ነበር የሚመስለው።

«በሙሉ ድምፅ? ከእናንተ ከሁለታችሁ?»

ዓይኑ ወደ እናቴ መኝታ ቤት በር ሄደ፣ ቶሎም መለሰው።

ደሜ ሲፈላ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ፈልቶብኛል። ያን ቀን ግን አልፈላም። ተመልሼ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። «እማዬ፣ አንቺም እጅ አወጣሽ?» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ሳገላብጣት ያቃስታት የነበረው ጎን ላይ ብቻዋን ተገልብጣ ነው የዞረችው። ጎኔን ያለችው፣ እጄን እንደዚያ ጥብቅ አድርጋ የያዘችው፣ ሰዎቹ ተስፋ ቆርጠው እስኪዘጉ ድረስ ልታቆየኝ ነበር። ግንባሯን የዳሰስኩበት እጄ አስጠላኝ።

ሚጡ ከኋላዬ መጥታ ታለቅሳለች። «ትሄጂያለሽ ብለን ነው እታለም። ሌላ ከተማ አልሽ። አንቺ ከሄድሽ እኮ እማዬ በእኔ ላይ ነው የምትወድቀው። ሱቁስ? ትምህርቴስ? እሱ እንደሆነ ታውቂዋለሽ...»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ ትቀሪልኝ ነበር?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ስልኬ የጆሮው ድምፅ ከሞተ ቆይቷል፤ የሰው ስጠግን የራሴን ለመጠገን ጊዜ አጥቼ በላውድ ስፒከር ብቻ ነው የምሰማው። አነሳሁት። ቆፍጣናዋ ሴትዮ ናቸው። ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው።

«ደጋግመን ሞከርን፣ ልናገኝዎ አልቻልንም» አሉ። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ችሎታዎን ወደነዋል። ግን ይህ ከቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ቤትዎ ሆነው ደንበኛ እየረዱ መስመሩ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደንበኛው ሜዳ ላይ ይቀራል። በዚህ መስመር ከቤትዎ ልናሠራዎ አንችልም፣ ይቅርታ።»

ሊቀመንበሩ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ነገር ግን» አሉ ሴትዮዋ፣ «እዚህ ዋናው ቢሮ ውስጥ አንድ ቦታ አለን። ኑሮዎን ወደዚህ ማዛወር ከቻሉ እንቀበልዎታለን። ያስቡበትና ዛሬ ከሰዓት ይደውሉልኝ።»

አመስግኜ ዘጋሁ። ኮሪደሩ ላይ የዘበኛው ማራገቢያ ብቻ ይጮኻል።

«ከቤት ነበር?» አለች ሚጡ። ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ቀጥኖ። «እዚሁ ሆነሽ?»

«እዚሁ ሆኜ።»

«ለምን አልነገርሽንም ታዲያ!»

ሲሳካልኝ ላስደስታችሁ ብዬ ነው ልል ነበር። ተውኩትና ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮምፒውተሬ በራሱ ጊዜ ከኢንተርኔቱ ጋር ተገናኘ። ሚጡ ምልክቴን መልሳው ነው። ከዚያ በሩን አንኳኳች። «እታለም፣ ቁጥራቸውን ስጪኝ። እኔው ራሴ ልደውልላቸውና የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ መስመሩ ደህና ነው ልበላቸው። ይሰሙኛል፣ ሥራውን ከቤት ይሰጡሻል። በእናትሽ!» ሊቀመንበሩም ከኋላዋ ሆኖ «በጎ ሐሳብ ነው፣ እኔም እደግፋለሁ» ይላል። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ከሳቁ በፊት ግን እንባው ቀደመ።

አልዋሽም፣ አሰብኩበት። ሚጡ ትደውልና እውነቱን ትናገራለች፤ ሴትዮዋ ይስቃሉ ወይም ያዝኑልኛል፤ ሥራው እጄ ይገባል። ያልኩት ሁሉ ይሆናል። ያው ክፍል፣ ያው ወንበር፣ ያው ግድግዳ። በየቀኑ ከደንበኛ ጋር እያወራሁ መስመሩ ትንሽ ዝግ ባለ ቁጥር ዓይኔ ወደ ኮሪደሩ ይሄዳል። አንድ ነገር ባልጣማቸው ቁጥር፣ ዕረፍት ልውሰድ ባልኩ ቁጥር፣ ሰው ላግባ ባልኩ ቁጥር፣ እኔ ገበያ ስሄድ ስብሰባ ይጠራል። የማልችለው ይህ ነው። መስመር ቢቆረጥ መልሼ እቀጥለዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ጣቷን ይዤ ያስተማርኳት ልጅ በዚያው ጣት እንዳጠፋችኝ እያወቅኩ አንድ ጣራ ሥር መሥራትን ግን አላውቅበትም።

ስልኩን አነሳሁ። «እመጣለሁ» አልኳቸው ለሴትዮዋ። «መቼ መጀመር ይችላሉ?» ሲሉኝ «እርስዎ መቼ ይፈልጉኛል?» አልኩ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ስልኬም በላውድ ስፒከር ነው።

ከዘጋሁ በኋላ ግድግዳው ኳ አላለም። እናቴ ስሜን ብቻ ጠራችኝ፣ ቀስ ብላ። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። በጎኗ እንደተኛች ነው፣ እንባዋ በአፍንጫዋ አጥንት ተሻግሮ ትራሱን አርሶታል።

«ማን ያነሳኛል?» አለች።

«እጅ ያወጡት ያንሱሽ።»

ከአፌ ሲወጣ እኔንም አመመኝ። መልሼ ልውጠው ብል አልቻልኩም፤ ደግሞም እውነት ነው። ሊቀመንበሩ ኮሪደሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ልትነሳ ክርኗን ተደገፈችና አቃታት፤ ቁልቁል ተንሸራተተች። እጄ ሳላዘው ወደ ትከሻዋ ሄደ። መሃል መንገድ ላይ መለስኩት።

«ሚጡ!» ብዬ ተጣራሁ። «ነይ ወዲህ፣ እንዴት እንደሚያነሷት ላሳይሽ።»